ነርስነትን መርጫለሁ፤ አባቴ ግን ፋርማሲ ይላል

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ 20 ሲሆን በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ እንሞላለን። አባቴ ቡና ነጋዴ ነው፤ ከአጋሮና ከሊሙ እየሰበሰበ ይሸጣል። እሱ የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም እኔንና እህቶቼን አስተምሮ ለዚህ ያደረሰን በዚሁ ሥራ ነው። የእሱ ፍላጎት ፋርማሲ እንድማርና ስመረቅ መርካቶ አካባቢ መድኃኒት ቤት እንዲከፍትልኝ ነው፤ የሚከራየውን ቤት እንኳ ከወዲሁ አይቶታል።

የእኔ ልብ ግን ነርሲንግ ላይ ነው። ሐሳቡ የመጣብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። አያቴ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ ጭቃ አዳልጧት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረና ከአምስት ሳምንት በላይ ሆስፒታል ተኛች። ሌሊት ሌሊት ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ወንድ ነርስ በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደማገላብጣት፣ ተረከዟ ፍራሹ ላይ እንዳይጫን ትራሱን ከባቷ ሥር እንዴት እንደማደርግ አሳየኝ። አያቴ ገላዋ ሳይቆስል ወጣች፤ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ቀዶ ጥገና ያደረገላትን ሐኪም ስም አታስታውስም፤ የሌሊቱን ነርስ ግን ስሙን እየጠራች ትመርቀዋለች።

አጎቴ «ነርስነት የሴት ሥራ ነው» ይላል። ጓደኞቼ «ሜዲስን ስላልደረሰህ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። አባቴ አልተቆጣም፤ ነገር ግን ጉዳዩን ባነሣሁ ቁጥር ወሬ ይለውጣል። አንድ የሚያሳፍረኝ ነገርም አለ። እዚያው ክፍል የነበረ የሌላ ሕመምተኛ ቁስል ሲጠረግ ቆሜ እያየሁ ሳለ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ግድግዳ ባልደገፍ ኖሮ እወድቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነርስ ሊሆን ይችላል? በዚህ ሙያ የሚገኘውስ ምንድን ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

ልጄ፣

«አንተ» እያልኩ የምጽፍልህ በዕድሜ ከልጆቼ ስለምታንስ ነውና ቅር እንዳትሰኝ። እኔ ራሴ 26 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ፣ አብዛኛውንም ጊዜ በማዋለጃና በቀዶ ጥገና ክፍሎች ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ዳኛ ልሆንልህ አልችልም፤ የምልህን እንደ አንድ ምስክር ቃል ተቀበለው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን የያዘው አጎትህ ወይም ጓደኞችህ ያሉት ሳይሆን ስለ አያትህ ተረከዝ የጻፍከው ነው። ሰው ሆስፒታል ሰንብቶ ሲወጣ የሚያወራው ስለ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ አልጋ እጥረቱ ነው። አንተ ግን ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ትራሱ የት እንደሚደረግ ታስታውሳለህ። ተረከዝ ላይ አጥንቱ ለቆዳው ቅርብ ስለሆነ፣ ሕመምተኛ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ሲተኛ የእግሩ ክብደት ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ተጭኖ ይዘጋቸዋል፤ ደም ያጣው ቆዳም ይሞታል። በአንድ ሌሊት የጀመረ ቁስል ለመዳን ወራት ሊፈጅ፣ በአረጋዊ ሰው ላይም ሕይወት እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ያ ነርስ ያስተማረህ ይህን ነው። የድካሙ ፍሬ ምንም ነገር ሳይታይ መቅረቱ ነበር፤ አያትህ ያልወጣባትን ቁስል መዝግቦ የሚያመሰግን ሰው የለም። የዚህ ሙያ ደስታ ከሌሎች ሙያዎች ደስታ የሚለይበት ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያስታመምካት አያትህን ነው፤ አሳድጋሃለች፣ አዝላሃለች፣ ስምህን እየጠራች መርቃሃለች። የምትወደውን ሰው ማስታመምና ነርስ መሆን ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ነገ የሚሰጥህ ሕመምተኛ ምናልባት ሰክሮ ከሞተር ሳይክል የወደቀና ስትቀርበው የሚሰድብህ፣ ወይም ፖሊስ አጠገቡ የቆመበት፣ ወይም ለሳምንታት ገላውን ያልታጠበ ሰው ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የእሱ ተረከዝ ያሳስብሃል? ይህን የምጠይቅህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ከእኔ ጋር ከጀመሩት ውስጥ እናታቸውን ወይም አባታቸውን ባስታመሙበት ፍቅር ብቻ ተነሥተው የመጡ፣ የሰው ሕመምተኛ ሲገጥማቸው ልባቸው የቀዘቀዘባቸው ነበሩ፤ በአንጻሩ በምደባ ያለ ፍላጎታቸው ገብተው ዕድሜ ልካቸውን ወደው የሠሩም አውቃለሁ።

መልሱን ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እኔ ግን ከደብዳቤህ አንድ ፍንጭ አግኝቻለሁ። የዚያ የሌላው ሕመምተኛ ቁስል ሲጠረግ ለምን ቆመህ ታይ ነበር? ሌላ አስታማሚ ቢሆን ፊቱን ያዞራል ወይም ኮሪደር ላይ ይወጣል። አንተን ከአያትህ አጠገብ አስነሥቶ ወደማታውቀው ሰው አልጋ የወሰደህ ነገር ምን ነበር? ሰውየውን ለማገዝ ነው፣ ወይስ የነርሱ እጅ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት? ያፈርክበት ቀን ምናልባት ስለ ራስህ ከሁሉም በላይ የተናገርክበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ራስህን ስለማዞሩ ብዙ አትጨነቅ። ደም ወይም ቁስል ሲታይ በአንዳንድ ሰው ላይ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ስለሚወርዱ ለአፍታ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል፤ ባዶ ሆድ፣ ሙቀትና ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ደግሞ ያብሱታል። የልብ ድክመት ምልክት አይደለም፤ አብዛኛው ተማሪም በተደጋጋሚ ሲያይ ይላመደዋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል የገባሁ ዕለት ራሴን ስቼ ስወድቅ፣ ሕመምተኛው ቀርቶ እኔ እንዳልታከም ተሠግቶ ነበር፤ ቁርስ አልበላሁም ነበር። ወደፊት ቁርስህን በልተህ ግባ፣ ጉልበትህን ገትረህ አትቁም፣ ጆሮህ ጭው ማለት ሲጀምር ሳታፍር ተቀመጥ። ከወራት ልምምድ በኋላም ካልለቀቀህ ያን ጊዜ ለመምህሮችህ ትነግራለህ።

«ሜዲስን ስላልደረሰህ ነው» የሚሉህ ጓደኞችህ ሁለቱን ሙያዎች የአንድ መሰላል ሁለት ደረጃዎች አድርገው ነው የሚያዩት። ሐኪም ራውንድ አድርጎ፣ ማለትም ሕመምተኞችን በየአልጋቸው ዞሮ አይቶ፣ መርምሮና አዝዞ ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ይሄዳል፤ ሥራው ነውና መሄድ አለበት። ከሁለት ራውንዶች መካከል ያለውን ረጅሙን ሰዓት የሚጠብቀው ነርስ ነው፤ ትንፋሽና የልብ ምት የሚቆጥረው፣ የታዘዘው መድኃኒት ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው መጠንና ሰዓት መድረሱን የሚያረጋግጠው፣ ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ «መልኩ ተለውጧል» ብሎ ሐኪሙን የሚጠራው እሱ ነው።

አንድ ሌሊት ላጫውትህ። የሠራሁበትን ቦታ አልጠቅስም፤ ለአንድ ክፍል ሁለት ነርሶች መመደብ ሲገባን እኔ ብቻዬን ተረኛ ነበርኩ። ምሽት ላይ በሰላም የተገላገለች አንዲት ወጣት እናት ነበረች፤ የደም ግፊቷ ሲለካ ደህና ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በአልጋዋ አጠገብ ሳልፍ ውኃ ጠየቀችኝ፤ አዛጋች፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና ውኃ አለች። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል፤ የልብ ምቷ ፈጥኗል። ጤናማ ወጣት ብዙ ደም ስታጣ የልብ ምቷ የሚፈጥነው ግፊቷ ከመውረዱ በፊት መሆኑን ተምረን ነበርና ብርድ ልብሱን ገለጥኩት፤ አንሶላው ርሷል። ማህፀኗ ጠጠር ብሎ መኮማተር ሲገባው ልፍስፍስ ብሏል። በአንድ እጄ ሆዷ ላይ ማህፀኑን እያሸሁ፣ አስታማሚዋ ሮጣ ተረኛ ሐኪሙንና አዋላጇን እንድትጠራ ጮህኩ፤ መጡ፤ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ተሰጣት፣ ደም ተተካላት፣ ዳነች። ጠዋት ቤተሰቦቿ ሐኪሙን ከበው አመሰገኑ፤ ይገባዋልም፤ እኔ ያን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጬ ለቀን ተረኛዋ ርክክብ እጽፍ ነበር። ልጅቱ ስሜን ሳታውቅ ሄደች፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም። ያን ቀን ጠዋት በር ላይ የጠጣሁት ሻይና የበላሁት ዳቦ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ። «የሚገኘው ምንድን ነው?» ላልከኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። አንተን ግን ልጠይቅህ፤ ማንም ሳያይህ የሠራኸው ነገር ደስ ይልሃል ወይስ ካልታየልህ ትከፋለህ? ሁለተኛውም ነውር አይደለም፤ ግን ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅምሃል።

ሌላም የሚገኝ ነገር አለ። ነርሲንግ አንድ በር ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ነው። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ደረት ለደረት በእናቱ ገላ ላይ ታቅፎ ግራም በግራም ሲጨምር ማየት የሚያስደስተው አለ፤ የድንገተኛውና የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ፍጥነት የሚስማማው አለ፤ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ተቀምጦ ማዳመጥ የሚችለው አለ፤ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ሥርዓት የሚማርከው አለ። አንዱ ቢሰለችህ ሙያህን ሳትጥል ወደ ሌላው ትዛወራለህ፤ በሁለተኛ ዲግሪም በአንዱ መስክ ጠልቀህ መማር ወይም ማስተማር ትችላለህ። የምትማርበት ከተማም ለዚህ ዕድለኛ ነው። ዩኒቨርሲቲህ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት አንዱ ግማሹ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅበትም ተማሪውን ገና በትምህርት ላይ ሳለ ወደ ማኅበረሰቡ የሚያወጣው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። በቡድን ሥልጠናው የሜዲስን፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ ዛሬ የሚስቁብህ ጓደኞችህ ሜዲስን ገብተው ከሆነ መርፌ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቁት አንተን ይሆናል።

ለአጎትህ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ የጅማ ሰዎች «ድሬሰር» የሚለውን ስም ይረሳሉ ብዬ አላስብም። በየገጠር ክሊኒኩ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩት፣ ባላገሩም «ዶክተር» እያለ ይጠራቸው የነበሩት እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ዛሬም ሽማግሌ ወንድ ሽንቱ ተይዞበት ቱቦ ሲገባለት ወንድ ነርስ ሲመጣለት ምን ያህል እንደሚቀለው አይቻለሁ። ሙያው ዝቅ ያለ ነው የሚል ካለ ደግሞ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ፀሐይን አስታውሰው። በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን የተማረች፣ ከነፃነት በኋላም ደሴ ሆስፒታል የሠራች ልዕልት ናት። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሕይወቷ ሲያልፍ ገና 22 ዓመቷ ነበር። የቤተ መንግሥት ልጅ ያላፈረችበትን ሥራ የቡና ነጋዴ ልጅ ሊያፍርበት አይገባም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ይህን ሳልነግርህ ብቀር አታላይ እሆናለሁ። ደመወዙ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአደባባይ ያነሡት የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ ከሜዳ የመነጨ አልነበረም። ከተመረቁ በኋላ ቅጥር እስኪገኝ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለ። ዓረፋም ሆነ ፋሲካ ቤተሰብህ ተሰብስቦ ሲበላ አንተ ተረኛ ልትሆን ትችላለህ፤ እኔ ልጆቼ ሕፃናት ሳሉ ስንት በዓል እንዳመለጠኝ አልቆጥርም፣ አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ይኸው ብቻ ነው። ወገብህን ያምሃል። መርፌ ሊወጋህ ይችላልና ልምምድ ከመጀመርህ በፊት በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዙር የሚሰጠውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማጠናቀቅ አለብህ፤ አደጋ ከደረሰም ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት እወቅ። ሰውም ይሞትብሃል። ያን ዕለት ወደ ቤትህ እንዴት እንደምትሄድ የሚያስተምርህ ክፍል የለም።

ስለ ፋርማሲም ፍትሐዊ እንሁን። መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ሕይወት ያድናል፤ አባትህ የሚያስበውም ክፉ ነገር አይደለም፤ ልጁ የራሱ በር ያለው ሰው እንዲሆን ነው። የቡናን ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ያየ ሰው ለልጁ ቋሚ ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለራስህ መልስ፤ ፋርማሲን የማትፈልገው ሥራውን አይተህ ነው፣ ወይስ አባትህ ስለመረጠልህ ብቻ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቀህ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀመጥና እይ። በሌላ ቀን ደግሞ አያትህን ያከመውን ነርስ ፈልገህ አመስግነውና ሦስት ሰዎች እንዲያገናኝህ ጠይቀው፤ አንድ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው፣ አንድ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ፣ አንድ ደግሞ ሙያውን ትቶ የሄደ። የተወውን ሰው አትዝለለው። ሦስቱንም «ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትወጣ ደስ ብሎህ የወጣህበት ቀን ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ከተቻለም አስታማሚ የሌለው አንድ ሕመምተኛ ካለ በነርሶቹ ፈቃድና እነሱ ባሉበት ለአንድ ሌሊት ውኃ አቀብለው፣ አገላብጠው። ከላይ ለጠየቅሁህ ጥያቄ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ ያ ሌሊት ይመልስልሃል። ትምህርቱ አራት ዓመት እንደሚፈጅና መጨረሻው ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ማለፍ እንደሚያስፈልግም ለአባትህ ስትነግር በትክክል ንገረው፤ ነጋዴ ነውና ጊዜና ወጪ ሲሰላለት ይወዳል።

ከዚያ በኋላም ልብህ ነርሲንግ ላይ ካለ ከአባትህ ጋር መነጋገር አለብህ። ወሬ የሚለውጠው፣ እኔ እንደምገምተው፣ «እምቢ» ብሎ ሊያሳዝንህ ስላልፈለገ ነው። የቡና ግዢ በሚጧጧፍበት፣ ስልኩ በማያርፍበት ጊዜ አታንሣበት፤ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ካሉት እሑዶች አንዱን ምረጥና እህቶችህ ከሰዓት በኋላ ቡና እንዲያፈሉ ንገራቸው። አያትህም ትኑር። በዚያ ክረምት አባትህ ምናልባት ቀን ቀን እየመጣ ይጠይቃት ነበር እንጂ ሌሊቱን አላየም፤ በየሁለት ሰዓቱ ስትገላበጥ የነበረው እሷ ናት፤ ስለዚህ አስቀድማ እሷ ትንገረው። የእናቱን ቃል አቋርጦ ወሬ ሊለውጥ አይችልም። አንተ አቦሉም ቶናውም ሲጠጣ ዝም ብለህ አዳምጥ፤ ያሰላኸውን ወረቀት ኪስህ ውስጥ ይዘህ ቆይና በረካው ላይ ተናገር።